ሰባት መቶ ዶላር በብስክሌት መሪ ላይ

ጋርሚን ኤጅ 1050 የሚባለው የብስክሌት ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 700 ዶላር ነበር። ወር አልፎት ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የእኛ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። በባንክ ሒሳብ 40 ሺህ ብር ይወጣው የነበረ ዕቃ ከ70 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቀረጡ፣ የአምጪው ድካምና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተነካም። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው መዳፍ ለማትሞላ፣ በብስክሌት መሪ ላይ ለምትታሰር ስክሪን ነው።

ይህ ዕቃ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ እኔ ዘንድ የደረሰው እንደ ብዙው የውጭ ዕቃ በሻንጣ በኩል ነው። ሜሪላንድ የምትኖር ታናሽ የአክስቴ ልጅ ለገና አገር ቤት ልትመጣ ስትሰናዳ ደወለችና «ወንድም ጋሼ፣ መቼም አንተ ሳይክልህን አልተውክም፤ ያንን የሚያምረውን ኮምፒውተር ላምጣልህ?» አለችኝ። ስጦታ ነው፣ ምን ያሳስብሃል የሚለኝ አይጠፋም። ነገር ግን ስጦታም ሰጪው ላይ ዋጋ አለው። የእሷ ሰባት መቶ ዶላር የስንት ሌሊት ፈረቃ እንደሆነ ስለማውቅ «አስቤ ልንገርሽ» አልኳት። ያሰብኩትን ለእሷ ብቻ ነግሬ ዝም እንዳልል ያደረገኝ፣ እዚህ አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ብስክሌት የሚወዱ ወጣቶች ይህንኑ ጥያቄ ደጋግመው ማንሣታቸው ነው።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። አርባ ምንጭ ውስጥ ለጤናውና ለደስታው ለሚጋልብ ሰው ይህ ዕቃ አያስፈልገውም። ለውድድር ለሚሠለጥን ልጅ ግን ያስፈልገዋል። ክፋቱ፣ መግዛት የሚችለው የመጀመሪያው ሰው ነው፤ የሚያስፈልገው ደግሞ ሁለተኛው።

በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንወቅ። ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ያለንበትን ቦታና ፍጥነታችንን ይለያል። በውስጡ ያለችው የአየር ግፊት መለኪያ ከፍታችንን ትነግረዋለች። ካርታ ያሳያል፤ ከፊታችን ያለው ዳገት ስንት ሜትር እንደቀረው፣ የቱ ጋ እንደሚበረታ አስቀድሞ ይሥላል። ስልክ ሲደወል ያሳውቃል። የሳምንቱን ልምምድ ደምሮ ቀንሶም «ዛሬ ዕረፍ»፣ «ዛሬ ጨምር» እያለ ይመክራል።

ገዢው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚያውቀው ነገር ግን አለ። ኮምፒውተሩ እግራችን ምን ያህል ጉልበት እንዳወጣ በራሱ አይለካም። ዋቱ የሚመጣው ፔዳሉ ወይም የፔዳሉ ክንድ ውስጥ ከሚገጠም የኃይል መለኪያ ነው። ይህን መለኪያ ለብስክሌት ሠርቶ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪክ ሾበረር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986። ዛሬም ለብቻው የሚሸጥ፣ በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ዕቃ ነው። የልብ ምቱም እንዲሁ ደረት ላይ ከሚታሰር ቀበቶ ይመጣል። ሁለቱ ከሌሉ የመሣሪያው ምክር ከግምት አያልፍም። ስለዚህ ሰባት መቶው ዶላር የመግቢያ ክፍያ እንጂ ሙሉው ሒሳብ አይደለም።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን በሶዶ መንገድ ወጥተን፣ ወደ ግራ ታጥፈን፣ ዶርዜን አልፈን ጨንቻ እስክንደርስ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,285 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከሙዝና ከማንጎው ቆላ ተነሥቶ እንሰት፣ ቀርከሃና አፕል ወዳለበት ደጋ በአንድ ጠዋት የሚያደርስ መንገድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብስክሌተኞች ብዙ ብር ከፍለው ሄደው የሚወጡት ዓይነት ዳገት እኛ ጓሮ ተቀምጧል።

ይህ ዳገት ራሱ የኃይል መለኪያ ነው ስል እያጋነንኩ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ፊዚክስ ይበቃል። 62 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብስክሌቱንና ውሃውን ጨምሮ 75 ኪሎ ይዞ 1,400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል እንበል። ክብደቱን በ9.81፣ ከዚያም በ1,400 ስናባዛው ከአንድ ሚሊዮን ጁል ትንሽ ያልፋል። ዳገቱን በሁለት ሰዓት ከጨረሰው፣ ማለትም በ7,200 ሰከንድ፣ ምድር ወደ ታች ስትጎትተው ያሸነፈበት ጉልበት 143 ዋት ነው። በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ከጨረሰው 172 ዋት ይሆናል። ለጎማው ፍትጊያና ለነፋሱ ከሃያ እስከ ሠላሳ ዋት ይጨመርበት። ይኸውላችሁ፣ ለስሌቱ ያስፈለገን ሰዓት፣ ሚዛንና እርሳስ ብቻ ነው። በሦስት ወር ልምምድ ሃያ ደቂቃ የቀነሰ ሰው 29 ዋት ያህል ማትረፉን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ይኸው ስሌት ሌላም ነገር ያሳየናል። በብዙዎቻችን ብስክሌት ላይ አምስት ኪሎ ትርፍ ብረት አለ። ያ ቢቀነስ ከ75 ኪሎው ወደ ሰባት በመቶ ይጠጋል፤ በመቶ ደቂቃ ዳገት ላይ ስድስት ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ቢገጠም ደግሞ ጉልበታችን እንዳይሰበር ይረዳል። ኮምፒውተሩ ራሱ አንዲት ሰከንድ አይቀንስም። ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ብስክሌቱ ላይ ቢያውል ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

«ስሌቱ አማካዩን እንጂ እያንዳንዷን ደቂቃ አያሳይም» የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። ግን ልምምድን የሚለውጠው የቱ ነው? እዚህ ላይ ከተማችን ራሷ ጥሩ አስተማሪ ናት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. ሲቋቋም የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። የውሃ ባለሙያዎች ኩልፎን የሚያጠኑት ወንዙ ዳር በተተከለ፣ ቁጥር በተጻፈበት ዘንግ ነው። አንድ ሰው ጠዋትና ማታ እየሄደ ውሃው የት እንደደረሰ አንብቦ ይመዘግባል። ዘንጉ ተራ ነገር ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው ቦታው ሳይለወጥ፣ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ለዓመታት መመዝገቡ ላይ ነው። ኩልፎ ከጋሞ ተራሮች ይዞት የሚወርደውን ጎርፍ አስቀድሞ ለመገመትም ሆነ ድልድይ ለመሥራት መሐንዲሱ የሚጠይቀው የመዝገቡን ርዝመት ነው። ሁለት ዓመት ተመዝግቦ አምስት ዓመት የተቋረጠ መረጃ፣ በምንም ዓይነት ዘመናዊ መሣሪያ ቢለካ፣ አያሠራውም።

ሥልጠናም እንዲሁ ነው። አንድ ዳገት፣ አንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ደብተር። ጨንቻ ሩቅ ከሆነ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣው ዳገት አለ፤ አጭር ስለሆነ ደጋግሞ ለመውጣት ያመቻል። ረዥም የመፈተኛ ጉዞ ለሚፈልግ ግን የቀኑ ምርጫም መታሰብ አለበት። ሰኞና ሐሙስ የዶርዜ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ይቆማል፤ መንገዱን ሸክም የያዘ ሰውና ከብት ይሞላዋል። ረቡዕ የተለካን ሰዓት ከቅዳሜው ጋር ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው እንጂ ሳተላይቱ አይደለም።

ቁጥሩ እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። ብስክሌተኞች «ለአንድ ሰዓት ልይዘው የምችለው ከፍተኛው ዋት» የሚሉት መለኪያ አላቸው፤ መሣሪያው ልምምዱን ሁሉ የሚመድበው በዚያ ቁጥር ነው። አርባ ምንጭ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው 86 በመቶ ገደማ ነው። ጨንቻ ላይ ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይሳሳል። ሲቀላ ላይ የተለካ ዋት ከዶርዜ በላይ አይሠራም፤ ያንን ቁጥር ልያዝ ብሎ የሚታገል ሰው መንገድ ላይ ይቆማል። ቆላው ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። በጫሞ ሐይቅ ዳር በሲሌና በኤልጎ አድርጎ ወደ ኮንሶ በሚወስደው መንገድ ረፋዱ ላይ የጋለበ ሰው፣ ድካሙ ሳይጨምር የልብ ምቱ ብቻ ሽቅብ ሲሄድ ያያል። ልብ ጡንቻን ከመመገብ አልፋ ቆዳን ለማቀዝቀዝም ደም ስለምትረጭ ነው።

ውድ የሆኑት መሣሪያዎች ይህንን እናስተካክላለን ይላሉ። ጋርሚኑ ሰውነታችን ሙቀትን መልመድ አለመልመዱን የሚቆጥረው ከ22 ዲግሪ በላይ ስንጋልብ ሲሆን፣ ከፍታን መልመዱን ደግሞ ከ800 ሜትር በላይ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የታሰበው ግን ከቀዝቃዛ ዝቅተኛ አገር ተነሥቶ ወደ ሙቀት ወይም ወደ ተራራ ለሚጓዝ ሰው ነው። እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው ሁለቱም የየዕለት ኑሮው ናቸው። የአርባ ምንጭ ልጅ በቀን ሙቀትና ከፍታ መካከል እንደሚኖር ለማወቅ ሰባት መቶ ዶላር ማውጣት የለበትም።

የቁልቁለቱን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ያስወቅሰኛል። ከጨንቻ ስንወርድ ፍጥነት ያለ ድካም ይመጣል። የዶርዜ ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር መንገድ መሐል ገብተው ይጨፍራሉ፤ ብስክሌትም ሲያዩ አይለቁም። ከብቱ አለ፣ አህያው አለ፣ ሙዝ ጭኖ የሚመለሰው አይሱዙ አለ፤ ከታች ሲደረስ ባጃጁ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ዓይኑን ወደ መሪው የሚያወርድ ሰው የሚያነበው ቁጥር ምን ይጠቅመዋል? ፍሬን በደንብ መያዙንና ሄልሜት መታሰሩን አስቀድሞ ያላረጋገጠ ብስክሌተኛ ስለ ኮምፒውተር ባያስብ ይሻላል።

እስካሁን ያልኩት ለእኔ ቢጤው ነው። ለመወዳደር የሚሠለጥነው ወጣት ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ «ድሮ ያለ ኮምፒውተር ይጋለብ አልነበረም ወይ?» በሚል አባባልም አይዘጋም።

ድሮማ ይጋለብ ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተገኘችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከአትሌቶቿ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩበት። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጣ። ያኔ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ገና ሩብ ምዕተ ዓመት ይቀረው ነበር፤ የኃይል መለኪያው ደግሞ 30 ዓመት። ነገር ግን ገረመውን የቀደሙትም መሣሪያ አልነበራቸውም። ሁሉም እኩል ባዶ እጁን ነበር። ዛሬ ያ እኩልነት የለም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ማሊያ ቱር ደ ፍራንስን ሲጀምር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። ያ የጽጋቡ ዓለም ሥልጠናው፣ ምግቡና ዕረፍቱ በዋት የሚቆረጥበት ዓለም ነው።

ሌላም አለ። አሁን ቡድኖች ጋላቢ የሚመርጡት ውድድር ላይ በማየት ብቻ አይደለም። አውስትራሊያዊው ጄይ ቫይን እ.ኤ.አ. በ2020 ዙዊፍት አካዳሚ የተባለውን፣ ቤት ውስጥ በሚጋለብ ብስክሌት የሚካሄድ ምርጫ አሸንፎ ነው የአልፔሲን ፌኒክስ ቡድንን ውል ያገኘው። በሁለት ዓመቱ የስፔኑን ቩየልታ ሁለት ምዕራፎች አሸነፈ። በሩን የከፈተለት ከእግሩ የወጣው ዋት በኮምፒውተር ተመዝግቦ መታየቱ ነው። የጋሞ ደጋ ልጅ የጄይ ቫይን ዓይነት እግር ሊኖረው ይችላል። የተመዘገበ ቁጥር ከሌለው ግን አውሮፓ የተቀመጠው መልማይ መኖሩን አያውቅም። ጎረቤታችን ኤርትራ ቢንያም ግርማይን የመሰለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደ ጋላቢ ያፈራችው በየሳምንቱ መወዳደሪያ ስላላት ነው፤ ቢንያምን በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ነበር። እኛ ጋ ያ የውድድር ብዛት ስለሌለ ቁጥሩ የግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ ኪጋሊ ላይ ተካሂዷል። ኪጋሊ ከፍታዋ 1,500 ሜትር አካባቢ፣ መንገዷ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ከእኛ አገር የሚለያት መልክዓ ምድሩ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለእያንዳንዱ ወጣት ይህን ያህል ገንዘብ ከየት ይመጣል ማለት የተሳሳተ ጥያቄ ነው። መፍትሔው የጋራ ዕቃ ነው። አንድ ክለብ ወይም አንድ ተቋም ሁለት የኃይል መለኪያ ፔዳልና የመካከለኛ ዋጋ ኮምፒውተር ቢኖረው፣ ፔዳሉ ከአንዱ ብስክሌት ተፈትቶ በሌላው ስለሚታሰር፣ ብዙ ልጆች በየወሩ ተራ በተራ ጨንቻን ይወጡበታል። ኤጅ 540 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ዋጋው የ1050ው ግማሽ ነበር፤ ዋቱንና የልብ ምቱን እኩል ይመዘግባል። የሚጎድለው የስክሪኑ ማማርና መሰል ነገሮች ናቸው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ያስተምራል፤ ውሃን ለዓመታት መዝግቦ ማቆየትን የሚያውቁ ሰዎችም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ናቸው። የወጣቶችን የወር ፈተና በአንድ መዝገብ ማስቀመጥ ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የመዝገቡ ባለቤት ተቋሙ ከሆነ ደግሞ አሰልጣኝ ሲቀየር አይጠፋም።

ለራሱ ልግዛ ለሚል ወጣት ሦስት ነገር አስቀምጣለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩን አንብቦ የነገውን ልምምድ የሚቀይርለት አሰልጣኝ ይኑረው፤ ካልሆነ የተከማቸው ዋት ስልክ ውስጥ ከተረሳ ፎቶ አይለይም። ሁለተኛ፣ ቢያንስ አንድ ወቅት ሙሉ በተራ ሰዓትና በደብተር መዝግቦ ይየው። ደብተር ያልሞላ ሰው በኮምፒውተርም አይጸናም። ሦስተኛ፣ ብስክሌቱ ይቅደም፤ ጎማው ያለቀ፣ ፍሬኑ የላላ ብስክሌት ላይ ውድ ስክሪን ማሰር ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ሦስቱን ያሟላ ልጅ ካለ ግን ቤተሰቡም ቢሆን ውጭ ያለ ዘመዱም ቢሆን ይግዛለት፤ ቅንጦት ነው የሚለውን አይስማ።

የኮምፒውተሩ ዕድሜ ነገርም አለ። ባትሪው መሣሪያው ውስጥ የታሸገ ስለሆነ ሲደክም የሚቀይርልን ወኪል አጠገባችን የለም። ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ወደመጣበት ሻንጣ መመለስ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ወቅት ቻርጅ ማድረጉም አንድ ሥራ ነው። የኪስ ስልካችን ግን ጂፒኤስ አለው፤ መንገዱን፣ ርቀቱንና ሰዓቱን ይመዘግባል፤ ሲበላሽ ሲቀላ ውስጥ የሚጠግን ሰው አይጠፋም።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ የልብ ምት ቀበቶ አንድ፣ ሄልሜት አንድ፣ የፍሬን ጎማ ጥቂት ጥንድ፣ ከመነዳሪ የቻልሽውን ያህል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የዚያ ኮምፒውተር ዋጋ ግማሽ አይደርስም። «የቀረውንስ ምን ላድርገው?» ስትለኝ፣ ለሚወዳደሩ ልጆች የሚሆን አንድ የኃይል መለኪያ ፔዳል እንድትገዛ ጠየቅኳት፤ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ ለማዋጣት ተስማማች። ፔዳሉ ሲመጣ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና በምን ተራ እንደሚሰጥ ከአሁኑ መወሰን አለበት። የከተማችን የብስክሌት ወዳጆችና አሰልጣኞች ከገና በፊት ተሰብስበን እንወስን።